ገመዱን የያዙልኝ ሰዎች

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን መገባደጃ፣ የሰሜን ተራራ ገና ለዱር አራዊት መጠበቂያ ተብሎ ሲከለል በነበረበት ሰሞን ነው። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ዛሬም ድረስ ከአንድ ፎቅ ላይ ቁልቁል ባየሁ ቁጥር ግድግዳ ይዤ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። ቤተሰቦቼ ምክንያቱን ስለሚያውቁ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ታሪኩን ሁልጊዜ የምነግራቸው ግማሹን ብቻ ነው። ዛሬ እስከ መጨረሻው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

አባቴ አዘዞ የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። እኔንም ወደዚያው ሊመሩኝ ሞክረው ዳዊት ደግሜ ነበር፤ ዜማ ላይ ስደርስ ግን ድምፄ የሚያዋጣ አልሆነም። መምህሬ ራሳቸው አባቴን ጠርተው «ይኼን ልጅ ቀለም ይሻለዋል» አሏቸው። አስኳላ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ጎንደር ከተማ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። በኋላ የዱር አራዊት ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ዋልያ ቆጥሮ የሚመዘግብ ሰው ሲፈልግ እኔን ላኩኝ። መጻፍ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ገደል እፈራ እንደሆነ ግን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም።

አብሮኝ የሚሠራው ሞላ የሚባል የሰሜን ተወላጅ ነበር። ገደል ላይ በቤቱ ደጃፍ የሚመላለስ ነው የሚመስለው። ሥራችን እንዲህ ነበር። ዋልያዎቹ ከአፋፉ ሥር ባሉ የሣር እርከኖች ላይ ስለሚውሉ ከላይ ሆኖ ሁሉንም ማየት አይቻልም። ስለዚህ ሞላ በገመድ ይወርዳል፤ ከታች «እንስት አራት! ግልገል ሁለት!» እያለ ይጮኻል። እኔ ከአፋፉ ሃያ እርምጃ ርቄ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ወደ ጫፉ ተጠግቼ አላየሁም። ሞላ ይህን አውቆ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ገመዳችን ረጅም የቃጫ ገመድ ነበር። ሞላ ምን ያህል እንደወረደ ለማወቅ በየአራት ክንዱ ቀይ ቀለም ቀብተንበታል።

አንድ ማታ ከደባርቅ የአንድ ቀን ተኩል የበቅሎ መንገድ ካለው መንደር ደረስን። የመንደሩን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹ የልጅ ልጆች ዛሬም አሉ። ቀኑን ሙሉ ጉምና ካፊያ ሲደበድበን ስለዋለ ገመዱ ውኃ ጠጥቶ ነበር። ከመንደሩ ዳር የነበረ ባዶ ጎጆ ውስጥ አደርን። ገና ሳይነጋ ለሞላ አክስቱ ማረፏን የሚናገር መርዶ ነጋሪ መጣ። ሞላ ጋቢውን ደርቦ ሲወጣ፣

«ነገ እመለሳለሁ። ጀንበር ስትወጣ ገመዱን ወጥረህ አድርቀው፤ ተጠማዞ ከደረቀ ይበጠሳል» ብሎኝ ሄደ።

ጀንበር ወጣች። እኔም እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ከጎጆው ፊት ለፊት ገብሱ የታጨደበት እርሻ ነበር። የገመዱን አንድ ጫፍ ከችካል አሰርኩ፤ እርሻውን ዳር ለዳር ተከትዬ ወጠርኩና ሌላውን ጫፍ ከትልቅ ድንጋይ ጋር አሰርኩት። ከዚያም ቀለሙን ዝናቡ አጥቦት እንዳይሆን ብዬ መዝገቤን ይዤ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄድኩ ቀዮቹን ምልክቶች ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ከኋላዬ እሪታ ሰማሁ።

«ኡኡ! ኡኡ! ቀላድ ጣሉብኝ! የአገር ሰው ድረሱልኝ!»

ዘወር ስል አንዲት ሴት መቀነቷን አጥብቃ እየሮጠች መጣች። ስሟ ብርቄ ይባላል፤ ባሏ የሞተባት፣ የእርሻው ባለቤት ናት። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት በእጇ የያዘችውን ማጭድ ብቻ ነው።

ቀላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው። በዚያ ዘመን በደጋው አገር ከዚህ የሚያስፈራ ቃል አልነበረም። መሬቱ በቀላድ የተለካበት ሰው ግብሩ ይጨመርበታል፣ ቀስ በቀስም ከአባት ከእናቱ ርስት ይነቀላል ተብሎ ይታመን ነበር። ዓባይ ማዶ በዚሁ ሰበብ ደም ፈሷል የሚል ወሬም ገና ትኩስ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አዘዞም እንዲሁ ነው የሚወራው። አውቄ ሳለሁ፣ ቀይ ምልክት ያለው ገመድ በሰው እርሻ ላይ ወጥሬ፣ መዝገብ ይዤ እቆጥራለሁ። እንደዚያ ቀን ደንቁሬ አላውቅም።

ከየጎጆው ሰው ፈላ። ወንዶቹ ምንሽር ጠመንጃ፣ ያ የሌላቸው ዱላና ገጀራ ይዘዋል። በአንድ አፍታ ከበቡኝ። የመንደሩ አስተዳዳሪ ጭቃ ሹሙ መጣና፣

«አንት ማን ነህ? ማን ላከህ?» አለኝ።

«ዋልያ ቆጣሪ ነኝ» አልኩ።

ቀጥሎ አንዱ ከኋላ፣

«ምነው፣ ጃንሆይ ሰዉን ቆጥረው ጨረሱና ወደ ዋልያ ዞሩ?» ሲል ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ካለቀ በኋላ ፊታቸው የባሰ ጠቆረ።

ማኅተም ያለበት ደብዳቤዬን አወጣሁ። ማንበብ የሚችሉት የመንደሩ ቄስ በቦታው ስላልነበሩ እኔው አነበብኩላቸው። አነባለሁ ብዬ ራሴን ገደልኩ። ደብዳቤው ውስጥ «ክልሉን ለይቶ» የሚል ቃል ነበር። ያን ቃል ስጠራ ማጉረምረም ተነሣ። መሬት ለኪዎችም የሚመጡት ማኅተም ይዘው ነው።

«ባሌ የሞተው ይኸን መሬት ሲያርስ ነው» አለች ብርቄ። አሁን አትጮኽም፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። ዛሬ ለክተህ ሄደህ ነገ ውጪ ልትሉኝ ነው?»

«እናቴ፣ በማርያም፣ መሬትሽን አልለካሁም! ገመዱ ረጥቦ ነው!»

«ስትቆጥር ሰምቼሃለሁ። አሥራ አንድ ብለህ ነው ያቆምከው።»

እውነቷን ነው፤ ቆጥሬያለሁ።

አንድ ጎረምሳ ምንሽሩን አቀባበለና «ይኼን ሰውዬ ገደል መስደድ ነው። ማን ያየዋል?» አለ። ማንም አልተቆጣውም። ያ ነው የከበደኝ። አንድ ሰው እንኳ «ተው» ቢለው ትንሽ እበረታ ነበር። ሱሪዬ ረጠበ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ሆኗል።

ያን ጊዜ ነው አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው፣ እያነከሱ ከሰው መሀል የወጡት። አያ ተገኘ ይባላሉ። ዳሌያቸው እስኪሰበር ድረስ የታወቁ አዳኝ ነበሩ። ጎንበስ ብለው ገመዱን ዳሰሱና ቀና አሉ።

«ገመዱ ለገደል ነው ይላል። ገደሉ ያውና። ይውረድበታ።»

«የሚወርደው ሞላ ነው!» አልኩ። «እኔ ጸሐፊ ነኝ።»

«የታለ ሞላ?»

ሞላን ማንም አላየውም። ከመሸ ገብተን ሳይነጋ ነው የሄደው። እንኳን እነሱ፣ እኔም ራሴ ለደቂቃ ሞላ የሚባል ሰው መኖሩን ተጠራጠርኩ።

«ሸጋ» አሉ አያ ተገኘ። «እንግዲያ ዛሬ አንተ ትወርዳለህ። ከወረድክ የገደል ሰው ነህ፣ እንግዳችን ትሆናለህ። እምቢ ካልክ ለኪ ነህ።»

ወደ አፋፉ ወሰዱኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች አየሁ። ከታች መሬት የለም። ሰማያዊ ጭስ የመሰለ ነገር፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በጣም ሩቅ የቆላው ተራሮች ብቻ ናቸው። ቁጭ አልኩ። ጎትተው አስነሡኝ።

አያ ተገኘ ገመዱን በብብቴና በሁለት ጭኖቼ መሀል አዙረው በራሳቸው እጅ አሰሩኝ። ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ፈተሹት። ገመዱን በአንድ ቋጥኝ ላይ አዞሩትና አምስት ወንዶች ያዙት። ከእነሱ አንዱ ምንሽር ያቀባበለብኝ ጎረምሳ ነው። ብርቄ መጥታ የገመዱን ጭራ ወገቧ ላይ ጠመጠመችና ቁጭ አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ቤት ነሽ?» አላት ጭቃ ሹሙ።

«ከሞተ ደሙ የሚጠየቀው በእኔ መሬት ላይ ነው። እኔም እይዛለሁ።»

አያ ተገኘም ከእሷ ፊት ያለውን ገመድ በተሰበረው ዳሌያቸው ላይ አሳልፈው ያዙ። ከዚያ በፊት ግን ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና እንዲህ አሉኝ።

«ፊትህን ወደ ድንጋዩ አድርግ። ወደ ታች አትይ። እግርህ ሣር እስኪረግጥ እናወርድሃለን። እዚያ ያለውን ቆጥረህ ስትጨርስ ሁለት ጊዜ ሳብ። እኔ ያለውን አውቀዋለሁ። ከዋሸኸኝ ግን...»

አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለጋቸው።

ወረድኩ ማለት አይቻልም፤ አወረዱኝ እንጂ። ዓይኔን ጨፍኜ ድንጋዩን በደረቴ እየፋቅሁ ሄድኩ። አባቴ ያስተማሩኝ ጸሎት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ውዳሴ ማርያም ልጀምር እልና ከአፌ የሚወጣው የማዕድ ጸሎት ነው። እሱኑ ደጋግሜ አልኩት። አጠገቤ ትንሽ ድንጋይ ተፈንቅላ ወደቀች። ስታርፍ ልሰማ ጠበቅሁ። አልሰማሁም።

መሀል ላይ ገመዱ ቀጥ አለ። ቆምኩ፤ ማለት ተንጠለጠልኩ። ዓይኔን ብገልጥ ጉሙ ከቆላ ተነሥቶ ዋጥ አድርጎኛል። ላይም የለ፣ ታችም የለ። ተጣራሁ። መልስ የለም። ተማከሩ፣ ሊለቁኝ ነው ብዬ አሰብኩ። አልቅሼ «እናቴ!» ብዬ ጮኽኩ። የትኛዋን እናት እንደጠራሁ አላውቅም፤ አዘዞ ያለችውን ይሁን፣ ከላይ ገመዱን የያዘችውን።

ገመዱ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ጥቂት ቆይቶ እግሬ ሣር ረገጠ። በሆዴ ተኝቼ ሣሩን በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

ቀና ስል አየኋቸው። ከእኔ አራት ክንድ አይርቁም። አንዲት እንስት ዋልያ ቆማ ታየኛለች። ከእግሯ ሥር ገና ጠጉሩ ያልደረቀ ግልገል አለ፤ ሊነሣ ይሞክራል፣ ይወድቃል። ሌሎቹ ሲያዩኝ ደንግጠው በግራ በኩል ባለች ቀጭን መተላለፊያ ሸሹ፤ እሷ ግን ግልገሉን ትታ መሄድ አልቻለችም። የፊት እግሯን መሬት ላይ መታች። ደግማ መታች። ትንፋሿን እሰማለሁ። ጎኗ ይንቀጠቀጣል። እኔም እንቀጠቀጣለሁ። እዚያ እርከን ላይ ሁለታችንም መሸሻ አልነበረንም።

ይህን ሁሉ ጊዜ ቁጥራቸውን ስጽፍ ኖሬ ዋልያ በቅርብ ያየሁት ያን ቀን ነው። አዘንኩላት። እውነቴን ነው፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል አዘንኩላት። «አይዞሽ» አልኳት። ከዚያ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳብኩ።

ላይ ሲያደርሱኝ መሬት ላይ ተዘርግቼ ቀረሁ። አያ ተገኘ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምን አየህ?»

«ሰባት!» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ተፈናጥሮ ወጣ። «አንድ አውራ፣ አራት እንስት፣ ሁለት ግልገል። አንዱ ዛሬ የተወለደ ነው።»

«የት የት ናቸው?»

ነገርኳቸው። በዚህ አላበቃሁም። ፍርሃት ምላሴን ፈታውና ያልተጠየቅሁትን ቀባጠርኩ። በሣር ከተሸፈነ አንድ ድንጋይ በስተቀኝ ዋሻ መኖሩን፣ የሚያድሩት እዚያ መሆኑን፣ መሬቱ ላይ የተነጠፈውን ፍጋቸውን ሁሉ ተናገርኩ። ሲሸሹ የሄዱት በግራ በኩል ባለች አንዲት ቀጭን መተላለፊያ መሆኑን፣ ሌላ መውጫ እንደሌላቸውም ጨመርኩ። እንዲያምኑኝ ነው። እያንዳንዱ ነገር በሕይወቴ ላይ አንድ ቀን የሚጨምርልኝ መሰለኝ።

አያ ተገኘ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው» አሉ ለሰዉ። «ልክ ነው ያየው።»

ወዲያው ሁሉም ነገር ተለወጠ። ጎረምሳው ትከሻዬን ሳመኝ። ብርቄ ጠላና ቂጣ ይዛ መጣች፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣

«ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ መሬት ነውና» አለችኝ።

መዳፏን አየሁት። ገመዱ ቆዳዋን ልጦት ደም ቋጥሯል። ይቅር አልኳት። ምኑን ይቅር እንደምላት ግን አላውቅም፤ እኔ ብሆንም ያንኑ ነበር የማደርገው። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ሳቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ቂጣ የለም።

በማግስቱ ሞላ ተመለሰ። የሆነውን እየሳቅሁ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም።

«አያ ተገኘ ያለውን አውቀዋለሁ አሉህ?»

«አዎ።»

«አያ ተገኘ ዳሌያቸው ከተሰበረ ስድስት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ እዚያ እርከን የወረደ ሰው የለም። ልጆቻቸውም ቦታውን አያውቁት።»

«ታዲያ እንዴት ልክ ነው አሉ?»

ሞላ ገመዱን እየጠቀለለ «አንተ አየህላቸዋ» አለኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝ ነገር ከገደሉ ይብስ ነበር። ደባርቅ ወርጄ ለአራዊት ዘበኞቹ አለቃ ብናገር ምናልባት እርከኑን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ይልኩ ነበር። አልተናገርኩም። ከተናገርኩ ማን እንደጠቆመ መናገሬ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዘበኞቹ ጥቂት ናቸው፣ አያ ተገኘም አርጅተዋል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ።

በሚያዝያ ለቆጠራ ተመለስን። ሞላ ወደዚያ እርከን ወረደ። እኔ ከላይ መዝገቤን ዘርግቼ ጠበቅሁ። ብዙ ቆየ።

«ስንት ናቸው?» ብዬ ጮኽኩ።

«የለም!»

«እንዴት የለም? ስንት?»

«የለም እልሃለሁ!»

ሲወጣ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ሦስት የጥይት ቀለሃ ነበር። ያገኘው ከቀጭኗ መተላለፊያ አፍ ላይ ነው። በመዝገቡ ላይ፣ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ፣ «ወደ ሌላ ገደል ሳይዛወሩ አልቀሩም» ብዬ ጻፍኩ። ሞላ ማንበብ አይችልም ነበር።

እሑድ ዕለት አያ ተገኘን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። ደስ ብሏቸው አቅፈው ሳሙኝ፤ እንደ ልጃቸው ጤናዬን ጠየቁኝ። ፊታቸው ላይ አንዳች እፍረት አልነበረም። አባታቸውም አያታቸውም ሲያድኑ የኖሩበት ገደል ነው፤ እሳቸው ወንጀል ነው ብለውም አያስቡት። ልጠላቸው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ያን ቀን እሳቸው አፋቸውን ባይከፍቱ ኖሮ ገደል ገብቼ ነበር። እጃቸውን ሳምኩና ሄድኩ።

ለነፍስ አባቴ አንድ ጊዜ ተናዝዣለሁ። በመዝገብ ላይ ሐሰት ጻፍኩ አልኳቸው፤ ቀኖና ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። ስለ እንስቷና ስለ ግልገሏ ግን አልነገርኳቸውም። እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አላወቅሁም።

አሁን አርጅቻለሁ። ሰሜን ላይ ዋልያ ዛሬም አለ ሲሉ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ከደስታው ኋላ ግን ያቺ እንስት እግሯን ስትመታ ትታየኛለች። እንደ እኔው ፈርታ ነበር። እሷ በፍርሃቷ ከልጇ አልተለየችም። እኔ በፍርሃቴ መሸሻዋን ነገርኩባት።

ያን ቀን ብመለስ ዝም እላለሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ብዙ ጊዜ ለራሴ ብዬዋለሁ። ግን እውነት ለመናገር ነው የተነሣሁት። ዛሬም ያን ገመድ አስረው ከዚያ አፋፍ ላይ ቢያቆሙኝ፣ አሁንም ሁሉንም እናገራለሁ።